ያልተነገራት ጥፊ

ይድረስ ለእናንተ፣ የፊልም ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለተዘጋጃችሁ ልጆች።

ከሃያ ዓመት በላይ ረዳት ዳይሬክተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ። ተዋናይ በሰዓቱ መጥራት ነው፤ የቀኑን ፕሮግራም መያዝ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ማየት፣ ምሳ መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ከዚህ ሌላ ግን ውል ላይ የማይጻፍ አንድ ሥራ አለ። በዳይሬክተሩና በተዋናዮቹ መካከል መመላለስ። ዛሬ የምነግራችሁ በዚህ መመላለስ ውስጥ ስለሠራሁት ጥፋት ነው።

ቀረጻ ከጀመርን አራተኛ ቀናችን ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ቪላ በቀን ሒሳብ ተከራይተናል። የዕለቱ ሲን (ትዕይንት) ባልና ሚስት ሳሎን ውስጥ ተጣልተው ባልየው ሚስቱን የሚመታበት ነው። ስክሪፕቱ "በጥፊ ይመታታል" ይላል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል የለውም። ጠዋት ላይ ከአጥሩ ጀርባ ያለ ብረታ ብረት ቤት ግራይንደሩን ለቀቀውና ድምፅ መቅዳት አልቻልንም። ሄደን ለመንናቸው፤ ጥቂት ብርም ሰጠናቸው። ሥራ ስንጀምር አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዳይሬክተሩ ወንዱን ተዋናይ ወደ በረንዳ ጠራውና በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። አየሁ። ምን እንዳለው ግን አልጠየቅኩም።

"አክሽን" ተባለ። ጥፊው የእውነት ነበር።

መሪ ተዋናይቷ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ጫማዋ ምንጣፉን ያዘውና ሶፋው ላይ ወደቀች። "ከት" እስኪባል አልጠበቀችም። ግራ ጉንጯን በእጇ ይዛ፣ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ግቢው ውስጥ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ዳይሬክተሩ ደስ ብሎታል። "ፊቷን አያችሁት? እንዲህ ያለ ነገር በልምምድ አይመጣም" አለ።

መመላለሴ ተጀመረ። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ አልቅሳ አልቅሳ ሜካፑ ወርዷል። "ቢነግረኝ እምቢ እለው ነበር? እኔን እኮ ሰው አላደረገኝም" አለችኝ። ወደ ውስጥ ስመለስ እሱ "ካልቻለች ትሂድ፣ ተዋናይ ሞልቷል" አለ። ሁለቱንም ዋጥኳቸው። ለእሷ "ይቅርታ ብሏል፣ እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም" አልኳት። ይቅርታ አላለም። ለእሱ "ደክሟት ነው፣ ምሳ ስትበላ ይለቃታል" አልኩት። እሷም እንደዚያ አላለችም። እያስታረቅኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ እኮ ሁለቱን አስቀምጦ የእያንዳንዱን ቅሬታ እስከ መጨረሻው ይሰማል። እኔ ግን አንዳቸው የሌላቸውን ቃል እንዳይሰሙ ነው ያደረግኩት።

ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ ተገናኙ። እሷ ይቅርታውን ከአፉ ልትሰማ ነው የመጣችው። እሱ ጉዳዩ ያለቀ መስሎታል። "በይ ተዘጋጂ፣ አንዴ እንድገመው" አላት። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። ማታ ማታ ለቲቪ ድራማ ቀረጻ ስለምትሄድ ጠዋት እያረፈደች መምጣቷ ተነሳ። የእሱ ያለፈው ፊልም አለመሳካቱ ተነሳ። ማይክ የሚይዘው የቡም ሠራተኛው፣ የመብራት ልጆቹ፣ ምግብ ያመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው ሰሙ። ጥፊው ያመጣው ጠብ ጠዋት ሁለት ሰው ነበረው። ከሰዓት ሠላሳ ሰው ገባበት፤ ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ለዳይሬክተሩም ልናገርለት። ክፉ ሰው አልነበረም። ፕሮዲዩሰሩ በየሰዓቱ ይደውልበታል። የቪላው ኪራይ ይቆጥራል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከአሥር ሰዓት በኋላ መልኩ ይቀየራል፤ ጠዋት ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ሲሆን አቋራጭ መፈለግ ይመጣል። ያልገባው ነገር አቋራጩ በሌላ ሰው ፊት ላይ ማለፉ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ደግሞ ከእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው "ላስት ታንጎ ኢን ፓሪስ" ፊልም ላይ ማሪያ ሽናይደር ስትሠራ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። አብሯት የሚተውነው ማርሎን ብራንዶ በዕድሜ አባቷ የሚሆን፣ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ቤርቶሉቺና ብራንዶ በመደፈር ትዕይንቱ ላይ የሚደረግባትን አንድ ነገር ሁለቱ ተነጋግረው ጨረሱት። እሷን አስቀድመው አላማከሯትም። ድርጊቱ ትወና ቢሆንም እንባዋ የእውነት እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2007 ተናግራለች። ቤርቶሉቺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የፈለገው የተዋናይት ሳይሆን የአንዲት ልጅ ስሜት እንደነበረ ተናገረ። ይህን ሳነብ የእኛ ዳይሬክተር ሳሎን ውስጥ የተናገረው ትዝ አለኝ። ቃሉ ተለየ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ልጆች፣ ከሽናይደር ንግግር አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ስክሪፕት ላይ የሌለ ነገር እንድትሠራ ማንም ሊያስገድዳት እንደማይችል፣ ወኪሏን ወይም ጠበቃዋን መጥራት እንደነበረባት ያን ጊዜ አታውቅም ነበር። አላወቀችም። የነገራት ሰው የለም። እኔ አሁን እየነገርኳችሁ ነው።

ስለዚህ ተዋናይት ልሁን የምትዪ እህቴ፣ ጥያቄሽን በንባብ ቀን፣ ተዋናዮች ተሰብስበው ስክሪፕቱን በሚያነቡበት ዕለት፣ ጨርሺው። "በጥፊ ይመታታል" የሚል መስመር ስታዪ "እንዴት ነው የምንቀርጸው?" በይ። "ይተቃቀፋሉ" የሚል ካለም "እስከ ምን ድረስ?" በይ። በንባብ ቀን ይህን ብትጠይቂ ማንም አይከፋም፤ ካሜራ ተተክሎ፣ መብራት ተሠርቶ ሲጠየቅ ግን ሁሉም እንደ እምቢታ ይሰማዋል። የተስማማሽበትን ውልሽ ላይ አስጽፊ። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃል። አደጋ ያለበት ነገር ሲመጣ ደግሞ አትሸማቀቂ። ኡማ ተርማን እ.ኤ.አ. በ2002 ሜክሲኮ ውስጥ "ኪል ቢል" ሲቀረጽ መኪናውን ራሷ መንዳት አልፈለገችም፤ ሌላ ሰው እንዲነዳላት ነበር ፍላጎቷ። ዳይሬክተሩ ታራንቲኖ አሳምኖ አስነዳት። መኪናው ከዘንባባ ዛፍ ጋር ተጋጨ፤ አንገቷና ጉልበቷ ተጎዳ። የአደጋውን ቀረጻ እጇ ለማስገባት 15 ዓመት ፈጀባት። ታራንቲኖ ራሱ በሕይወቱ በጣም ከሚጸጸትባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ተናግሯል። በዓለም ላይ ስሟ የተጠራ ተዋናይት እንኳ "አልፈልግም" ያለችውን እንድትሠራ ተደርጓል። ጀማሪ ስትሆኚ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ተናገሪ። ዳይሬክተርሽን ለብቻው ጥሪውና፣ ስለ ሥራው ብቻ ንገሪው። የቆየ ቂም አታምጪበት።

ዳይሬክተር የምትሆን ወንድሜ፣ ሰው ፊት አትገሥጽ። ለአንዱ ተዋናይ በጆሮው የምትነግረው ነገር የሌላውን አካል የሚነካ ከሆነ ለሁለቱም ንገር።

እንደኔ ረዳት ለምትሆኑት ደግሞ ይኸው ነው፤ መልእክት አታጣፍጡ። "እሷ አንተን ማነጋገር ትፈልጋለች፣ አሥር ደቂቃ እሰጣችኋለሁ" በሉና በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ፕሮግራሙ በአሥር ደቂቃ አይሞትም። በረንዳ ላይ ሹክሹክታ ስታዩም ሂዱና "ምን ልናደርግ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ቀን ያንን ብጠይቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ያን ቀን ያዳነችን የእናትየውን ገጸ ባህሪ የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት ነች። መድረክ ላይ ያደገች ሴት ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ጩኸቱ ሲበርድ ተነስታ ወንዱን ልጅ ጠራችው። "ና፣ እኔን ምታኝ" አለችው። ደነገጠ። እጁን ይዛ አሳየችው። መዳፉ ከፊቷ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ያልፋል፤ እሷ በዚያችው ቅጽበት አንገቷን ታዞራለች፤ ዝቅ ባለው እጇ ጭኗን ጠፍ ታደርጋለች። ካሜራው ከወንዱ ትከሻ ጀርባ ከሆነ በመዳፉና በጉንጯ መካከል ያለው ክፍተት አይታይም። "እኛ በየሳምንቱ በጥፊ እንባባል ነበር፣ አንዳችንም ጥርስ አልጎደለን" አለች።

ካሜራ ማኑ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ የጠዋቱን ቴክ (ያን ጊዜ የቀረጸውን) መልሶ አጫወተው። ሁላችንም ሞኒተሩ ላይ አጎንብሰን አየን። ጥፊው እንዳረፈ ተዋናይቷ ከፍሬም፣ ካሜራው ከሚያየው ክልል፣ ወጥታለች። ፊቷ ላይ ፎከስ የለም፤ የሚታየው የመጋረጃው ጫፍ ነው። ማንም ስላላወቀ ካሜራ ማኑም አልተዘጋጀም ነበር። ዳይሬክተሩ ብዙ ሳይናገር ቆየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ "መንገር ነበረብኝ" አለ። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። እሷም ታረቅን አላለችም። ነጠላዋን አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችና "እንለማመድ" አለች።

ሰባት ጊዜ ተለማመዱ፤ በሁለተኛው ቴክ ተሳካ። ፊልሙን ጨረሱት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አብረው አልሠሩም።

የምረቃው ዕለት ሲኒማ ቤት መሐል ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ያ ሲን ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። መዳፉ አንድ ስንዝር ርቆ ሲያልፍ ከኋላዬ አንድ ሰው "ኧረ በሕግ!" ብሎ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሳታስበው የራሷን ጉንጭ ያዘች።