ለእናቴ አንድ ቋሚ ሐኪም ጅማ ላይ የት ላግኝ?

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ፣ ሌላ ጊዜ ሆስፒታል፣ ሲመሽ ደግሞ ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ እንወስዳታለን። ሁሉም ታሪኳን ከሀ ጀምሮ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱም በየቦታው ይለያያል። ቤተሰቡን በሙሉ የሚከታተል ሐኪም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ይገኛል? (ሐ.፣ ከጅማ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። በዚህ ስም የተለጠፈ በር ፍለጋ ከተማውን መዞር አያዋጣም። የሚያዋጣው አንድ ቦታ መርጦ እዚያው መጽናት ነው። ሐኪም ይዛወራል፣ ለትምህርትም ይሄዳል፤ ካርዱ ግን እዚያው ይቀራል።

ያልተወሳሰበ ስኳርና ግፊት ከሆነ ለቤትዎ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይበቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ማስተማሪያ ስለሆነ ተለማማጅና ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑ) ሐኪሞች ይፈራረቃሉ፤ በየቀጠሮው ሌላ ፊት ማየትዎ አይግረምዎ። እሱን ለዓይን፣ ለኩላሊትና ለእግር ቁስል ያቆዩት።

ከመምረጥዎ በፊት ጠዋት ሄደው ይጠይቁ፦ የስኳርና የግፊት ክትትል በየትኛው ቀን ነው? የሚያየው ጤና መኮንን ነው ወይስ ጠቅላላ ሐኪም? (ጤና መኮንን ቢሆን አይናቁት፤ ለክትትሉ የሠለጠነ ነው።) ላቦራቶሪው ክሬቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይሠራል? ፋርማሲው ውስጥ የስኳሩ ሜትፎርሚንና የግፊቱ አምሎዲፒን አይጠፉም? የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ሆስፒታል የሚያስኬደው የሪፈር ወረቀት መሆኑን አይርሱ፤ ያለ ሪፈር ከሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በመጀመሪያው ቀን እናትዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒትም ካለ ይጨምሩ። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። አንዱ ክሊኒክ «ግሊቤንክላማይድ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ዳኦኒል» ይላል፤ ሁለቱም አንድ የስኳር መድኃኒት ናቸው። አብረው ሲዋጡ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ይመጣል። ለጉልበት ሕመም የሚታዘዘው ዲክሎፌናክም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛ ኪኒን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሦስቱን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ካዘዙ ማንም አያስተውለውም።

አንድ ደብተር ይግዙ። ቀን፣ የግፊት ልክ፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር፣ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራም፣ መድኃኒት ከተቀየረም ለምን እንደሆነ ይጻፉበት። የካርድ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ካርድ ክፍል ማህደር ሲጠፋ ፍለጋው ያለ ቁጥር አይሆንም። ሪፈር ሲጻፍ «መልሱን ለጤና ጣቢያችን ይጻፉልን» ብለው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ግፊት ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም፤ ጅማ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። 5 ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል አስቀምጦ ዝም ማለት ነው። እየሮጡ ገብተው የተለካ ቁጥር መድኃኒት ያስጨምራል።

የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ሪፈር አይጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

እናትዎ ረመዳንን የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ቀጠሮ ያስይዙላቸው። የስኳር መድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ለሱሑርና ለኢፍጣር ተብሎ ይስተካከላል፤ በራስ ግምት ግማሽ ማድረግ ወይም መዝለል ግን አይሆንም።