የታካሚ ፎቶ በዋርድ ግሩፕ፦ ስም መሸፈን ለምን አይበቃም

ሲስተር፣ ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፦ ለኮንሰልት (የሌላ ሐኪም ምክር ለመጠየቅ) ተብሎ ወደ ዋርዱ፣ ማለትም ወደ ተኝቶ ሕክምና ክፍሉ፣ የቴሌግራም ግሩፕ የተላከ የቁስል ፎቶ የታካሚዋ ዘመድ እጅ ገብቷል። ስሟ ተሸፍኖ ሳለ እንዴት ታወቀች፣ አሁንስ ምን ይደረግ ነው ያሉት።

ታካሚን የሚያሳውቀው ስም ብቻ አይደለም። የአንገት ንቅሳት፣ የማተብ መስቀል፣ የአልጋ ቁጥር፣ ጥግ ላይ የቆመ አስታማሚ፣ አንዳቸውም ቢሆኑ በትንሽ ከተማ ሆስፒታል ይበቃሉ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ይብሳል። «የ34 ዓመት ሴት፣ ከእንዲህ ያለ ቀበሌ፣ ትናንት ማታ የገባች» ከተባለ ምን ቀረ? ኤችአይቪ ላለማለት በሕክምና አጽሕሮት «አርቪአይ» ብሎ መጻፍም መሸሸግ አይደለም፤ ምን ማለት እንደሆነ የጥበቃ ሠራተኛውም ያውቃል።

አሸፋፈኑም ራሱ ያጋልጣል። የስልኩ ማድመቂያ ቀለም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ምስሉ ሲፈካ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። የኤክስሬይ ፊልም ጥግ ላይ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ስላለ ከማንሳትዎ በፊት በፕላስተር ይሸፍኑት። ፎቶውን በፋይል መልክ አይላኩ፤ የተነሳበት ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታው፣ አብሮ ይሄዳል።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ግሩፑ ነው። የአባላቱን ዝርዝር ከፍተው ይዩት፦ በዋርዱ የልምምድ ተራቸውን (ሮቴሽን) ጨርሰው የሄዱ ኢንተርን ተለማማጅ ሐኪሞች፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የተዛወሩ ነርሶች፣ አንዳንዴም የመድኃኒት አስተዋዋቂ። ከነዚህ መካከል ታካሚዋን የሚያክመው ስንቱ ነው? በብዙ ስልክ ላይ ፎቶው ራሱን አውርዶ ጋለሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልኩን ቤት ውስጥ ልጆች ይነካኩታል። አድሚኑ ይዘት እንዳይቀመጥና እንዳይተላለፍ መከልከል ይችላል፣ ጥሩም ነው፤ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ማንሳትን ግን አያስቆምም።

ስለዚህ ኮንሰልት በስልክ ጥሪ ይጀመር። ለአብዛኛው ውሳኔ «በ30ዎቹ ያለች ሴት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ 5ኛ ቀን፣ ሙቀት 38.9፣ የደም ግፊት 90/60፣ ቁስሉ መግል አለው፣ ዙሪያው ቀልቷል» በቂ ነው። ምክር የተጠየቀው ከፍተኛ ሐኪም (ሲኒየሩ) የግድ ማየት አለብኝ ካለ ቁስሉን ብቻ አቅርበው ያንሱ፤ ፊት፣ አንሶላና ግድግዳ አይግቡ። የሚላከው ለእሱ ብቻ ነው፤ በቴሌግራም ሲክሬት ቻት፣ ማጥፊያ ሰዓቱ ተሞልቶ። ሲክሬት ቻት ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ለግሩፕ አይሠራም። ምክሩን ከነሰዓቱ ቻርቱ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ፎቶውን ከጋለሪም ከትራሽም ያጥፉ። ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የሆነ ፎቶ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል።

ፈቃድ ሳይጠየቅ ካሜራ አይወጣም። ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ መሃል፣ ስምንት ሰው አልጋዋን ከቦ፣ «ፎቶ እናንሳሽ?» ቢባል እሺ ከማለት ሌላ ምን ትላለች? አስታማሚዋ ወጥታ፣ መጋረጃ ተስቦ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን እንደሆነ ተነግሯት ትመልስ። ለሕክምና የተሰጠ ፈቃድ ለማስተማሪያ አያገለግልም፤ ያ ለብቻው ይጠየቃል። ራሷን ያላወቀች ታካሚን ለማስተማሪያ ማንሳት የለም።

ወደ ተፈጠረው ስንመለስ፦ መጀመሪያ ምን እንደተላከ፣ መቼና ስንት ሰው እንዳየው መዝግበው ለዋርድ ኃላፊና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቀጥሎ ላኪው ወይም አድሚኑ መልእክቱን ለሁሉም ያጥፋ። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ግን አብሮ ስለማይጠፋ አባላቱ ከየስልካቸው እንዲያጠፉ ይነገራቸው። ማሳሰቢያው ላይ ስሟንም ሕመሟንም አይጥቀሱ፤ ብዙዎች ሁለተኛ ጊዜ የሚያጋልጡት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ነው ለሚል፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት በግል አቤቱታ ያስከስሳል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው የግል መረጃዎች አንዱ ነው።

ለታካሚዋ ደግሞ የሚያክማት ሐኪም ራሱ፣ ለብቻዋ ይንገራት። ዘመድ አስቀድሞ ሰማ ተብሎ በእሱ በኩል አይላክባት፤ ዘመዱ ፎቶውን አይቶ ይሆናል እንጂ ምርመራዋን ላያውቅ ይችላል።