ከአሻንጉሊቷ ቁመት ጀምር

«ለልጄ ልደት ሳታውቅ የእንጨት የአሻንጉሊት ቤት ልሠራላት ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔም ለልጄ ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ። መጋዝ አያያዝ ላይ ጊዜህን አልፈጅም።

1. መጀመሪያ አሻንጉሊቷን ለካ። ተሠርተው የሚሸጡት ትንንሽ የቤት ዕቃዎች ብዙዎቹ በ1:12 ልክ ናቸው፤ ማለትም የእውነተኛው ዕቃ 12 ሴንቲ ሜትር በእነሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእነሱ የሚሆነው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን አሻንጉሊት ነች። ልጅህ የምትወዳት ባርቢ ከሆነች ግን 29 ሴንቲ ሜትር ናት፤ በ1:12 በተሠራ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ አትቆምም። ለእሷ በ1:6 መሥራት አለብህ። ያኔ የቤቱ ቁመትም ስፋትም ጥልቀትም እጥፍ ይሆናል። በበራችሁ ማለፍ አለማለፉንም አብረህ ለካ።

2. የጣውላውን ውፍረት ሒሳብ ውስጥ አስገባ፤ አቆራረጡንም ተከታተል። እኔን ያቃጠለኝ አቆራረጡ ላይ ነው። 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይዤ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ስዬ፣ ልኩን በሚሊ ሜትር ጽፌ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቱን በደንብ እንኳ አላየውም። «ለአሻንጉሊት ነው እኮ! ምን ያጨቃጭቃል?» አለኝ። ሁለቱን የጎን ግድግዳዎች ለየብቻ በግምት ቆረጣቸው። ቤት ወስጄ ሳቆማቸው አንዱ በ4 ሚሊ ያጥራል። ለቁም ሳጥን 4 ሚሊ ምንም ላይመስል ይችላል። እዚህ ግን ወለሉ ያዘነብላል፣ ጣሪያው ክፍተት ያወጣል፣ ትንሿ በር ታች እየነካች አልዘጋም ትላለች። መልሼ ብወስድለት «ልጅ ምን ታውቃለች» ብሎ ሸኘኝ። ገንዘቡን ግን ሙሉውን ተቀብሏል። እስካሁን ያናድደኛል። ልጅ ታውቃለች! በሩ አልዘጋ ሲል ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ስለዚህ እኩል መሆን ያለባቸውን ቁራጮች መጋዙ ከልኩ ሳይነቃነቅ ተራ በተራ አስቆርጣቸው። ምላጩ ራሱ እስከ 3 ሚሊ ይበላል፤ ስትስል በቁራጮቹ መካከል ቦታ ተው። አጠገቡ ቆመህ አስቆርጥ። ከተነጫነጨ እቃህን ይዘህ ሌላ ጋ ሂድ።

የቀረውን በእጄ ቆርጬ ጨረስኩት፤ ደስ ይለኛል። ደረጃውን ብታየው! እያንዳንዷ እርከን 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አላት፣ መደገፊያው ጫፉ ከተቆረጠ ስቴኪኒ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በ120 ቁጥር ጀምሬ በ220 ጨረስኩ። የመስኮቶቹን ጠርዝ አትለፍ፤ የልጅ እጅ የሚገባው በእነሱ ነው። ውስጡን ሳትገጣጥም ቀባ፣ ኋላ ብሩሽ ጥጉ ጋ አይደርስም። ኮላ የሚያርፍበትን ጠርዝ ግን ቀለም አታስነካው፣ በደንብ አይዝም።

ምስጢሩን የሚያወጣብህ ሽታ ነው። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ተጠቀም። ሰጋቱራውንም ልብስህ ላይ ይዘህ አትግባ።

ዛሬ ማታ ልጅህ ስትተኛ አሻንጉሊቷን ለካና ቁመቷን እዚሁ ጻፍልኝ። ኮምፔንሳቶህ ስንት ሚሊ እንደሆነም ጨምርበት፤ የክፍሎቹን ልክ እኔ አሰላልሃለሁ።