ራጁን ከማየታችሁ በፊት እግሩን እዩ፦ ስብራት ለምታክሙ ወጣት ሐኪሞች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ተመርቃችሁ ወደተመደባችሁበት ሆስፒታል ስትደርሱ፣ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቻችሁ መካከል አጥንቱ የተሰበረ ሰው አይጠፋም። ሞተር ሳይክል የገጨው ተማሪ፣ ከባጃጅ የወደቀች እናት፣ ከግንባታ እንጨት ላይ የተንሸራተተ የቀን ሠራተኛ፣ ከዛፍ የወደቀ እረኛ ይመጣል። ራጁ ሲደርሳችሁ ወደ ብርሃን አንስታችሁ አጥንቱ ላይ ታፈጣላችሁ። እኔ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ እግሩ ልመልሰው እፈልጋለሁ። አጥንት የሚጠገነው ከዙሪያው ባለው ሥጋና ደም ነው። አብዛኛው ታካሚ ለአካል ጉዳት የሚዳረገው አጥንቱ ትንሽ ስለተንጋደደ ሳይሆን ጡንቻው ስለሞተ፣ ቁስሉ ስላመረቀዘ ወይም መገጣጠሚያው ስለደረቀ ነው። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት፣ ስፔሻሊስት ሳያየው፣ እናንተ እጅ ላይ እያለ ነው።

ከሁሉ በፊት ሕይወቱ ይቅደም። አንድ የጭን አጥንት ሲሰበር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ ከውጭ አንዲት ጠብታ ላይታይ ይችላል። የዳሌ ስብራት ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ጭኑ የተሰበረ ሰው ሲቅበጠበጥና ላብ ሲያጠምቀው ካያችሁ፣ "ሕመሙ ነው" ብላችሁ አትለፉት። የልብ ምቱን ቁጠሩ፣ ሁለት ወፋፍራም የደም ስር መስመሮች ክፈቱ፣ የደም ዓይነቱን አስመርምሩ። ከፎቅ ወይም ከዛፍ ወድቆ ተረከዙን የሚያመው ሰው ደግሞ ወገቡም ሳይታይ ከአልጋው አይነሳ፤ ተረከዝና አከርካሪ አብረው የመሰበር ልማድ አላቸው።

ከዚያ እግሩን መርምሩ። በእግር ጀርባና ከቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን በስተኋላ የደም ስሩ ሲመታ ይሰማችኋል? አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሳት ይችላል? በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል ስትነኩት ይሰማዋል? ያገኛችሁትን ከነሰዓቱ ካርዱ ላይ ጻፉ። ስትነኩትና ስታስሩት የነበረው ስሜት ከጠፋ፣ ያ የእናንተ ሥራ መሆኑን የምታውቁት ቀድሞ የተጻፈ ነገር ካለ ብቻ ነው። ከክርኑ በላይ የተሰበረ ልጅ ከሆነ ደግሞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ክብ ቀለበት እንዲሠራ ጠይቁት። ካልቻለ ከፊት የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቷል። ያበጠውን ክርን ከ90 ዲግሪ በላይ አጥፋችሁ አትሰሩት፤ የደም ስሩ ይታነቃል። ራጅ ስታዙም ከሁለት አቅጣጫ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ይሁን።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምንሳሳትበት ወደ ክፍት ስብራት ልምጣ። ክፍት ስብራት ማለት አጥንቱ ወጥቶ የሚታይበት ብቻ አይደለም። ስብራቱ አካባቢ ያለ ቁስል፣ የምስር ፍሬ ቢያክል እንኳ፣ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ክፍት ስብራት ተብሎ ይያዝ። ከትንሽ ቀዳዳ ጠቆር ያለ ደም ሳያቋርጥ ቢንጠባጠብና ደሙ ላይ የቅባት ጠብታ ሲንሳፈፍ ብታዩ ከመቅኔው የመጣ ነው። ጉስቲሎና አንደርሰን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት አመዳደብ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ንጹሕ ቁስል አንደኛ ደረጃ ይባላል። ነገር ግን ትክክለኛው ደረጃ የሚታወቀው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቁስሉ ተከፍቶ ሲታይ ነው። መኪና የጨፈለቀው ቅልጥም ላይ ቆዳው በጣት የሚሸፈን ቀዳዳ ብቻ ኖሮት ከሥሩ ያለው ጡንቻ ሁሉ ድቅቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በአፉ ጥበት አትታለሉ።

አንቲባዮቲክ ታካሚው በደረሰ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይሰጥ። ካርድ እስኪወጣ፣ ራጅ እስኪነሳ፣ ቤተሰብ መድኃኒት ገዝቶ እስኪመለስ አይጠበቅም፤ የመጀመሪያው መጠን ድንገተኛ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። ለአዋቂ ሴፋዞሊን 2 ግራም በደም ስር፣ ከሌለ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም። አለርጂ እንዳለው መጠየቅ አትርሱ። አፈር ወይም ፍግ የገባበት ቁስል ሜትሮኒዳዞል ይጨመርለት። የቴታነስ ክትባትም አለ። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ጎልማሳ ወንዶች ግን ብዙዎቹ አልተከተቡም፣ ስለዚህ ለእነሱ ክትባቱ ብቻ ሳይሆን አንቲቶክሲኑም ያስፈልጋል። ከዚያ የሚታየውን ቆሻሻ አንሱ፣ በኖርማል ሳላይን በራሰ ጎዝ ሸፍኑ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ በስልካችሁ አንድ ፎቶ አንሱና በጀሶ ድጋፍ እሰሩት። ፎቶው የሚነሳው ለቀጣዩ ሐኪም ነው፤ ተረኛ በተቀያየረ ቁጥር ጎዙ እየተገለጠ ቁስሉ ከሚታይ ፎቶው ቢታይ ይሻላል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቁስል ውስጥ ማፍሰስ ይቅርባችሁ፤ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳል።

ማጠቡ ራሱ ውድ ነገር አይጠይቅም። በተለምዶ ለአንደኛ ደረጃ 3 ሊትር፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 9 ሊትር ሳላይን በዝግታ ይፈስበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት በከፍተኛ ግፊት መርጨት ከቀስታው እንደማይበልጥ፣ ሳሙና መጨመርም ከሳላይን እንደማይሻል አሳይቷል። ስለዚህ ማሽን የለንም ብላችሁ አትዘኑ። ከውሃው ይልቅ ወሳኙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት ነው። ጡንቻውን በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉት። ቀይ ነው? ይኮማተራል? ሲቆረጥ ይደማል? ጠንከር ይላል ወይስ እንደ በሰለ ሥጋ ይበጣጠሳል? የማይኮማተርና የማይደማው ይውጣ። ከሥጋ ጋር ያልተያያዘ የአጥንት ስብርባሪም እንዲሁ፤ ማዘናችሁ ባይቀርም ሞቶ ከቀረ የመግል ጎጆ ይሆናል። ስትጨርሱ ቁስሉን በጉልበት ስባችሁ አትስፉት። ከ48 ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። አጥንቱ ተጋልጦ ከቀረ በ7 ቀን ውስጥ በሥጋ መሸፈን አለበት። የቅልጥም የላይኛውና የመካከለኛው ክፍል በባት ጡንቻ ሊሸፈን ይችላል። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ያለው የታችኛው ሲሶ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚመጣ ሥጋ ይፈልጋል። ስለዚህ የታችኛው ሲሶ ክፍት ስብራት በመጀመሪያው ቀን ሪፈር ይጻፍለት፤ አምስተኛው ቀን ላይ አይደለም።

ሁለተኛው አደገኛ ነገር ሌሊት የሚመጣው ነው። ቅልጥሙ የተሰበረ ወጣት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሌሊት "አልቻልኩም፣ ጀሶው ሊገድለኝ ነው" ይላል። ነርሷ ማስታገሻ ትሰጠዋለች፣ ከ1 ሰዓት በኋላ እንደገና ይጮኻል። ይህን ጩኸት እመኑት። ጡንቻዎቹ በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ አብጠው ደም እየተከለከሉ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓርትመንት ሲንድረም የምንለው ነው። የእግር ጣቶቹን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ዘርጉ። በዚያች ትንሽ እንቅስቃሴ ባቱ ውስጥ የማይቻል ሕመም ከተሰማው ምርመራው በቃ። የደም ስሩ እየመታ መሆኑ አያጽናናችሁ፤ ምቱ የሚጠፋው በመጨረሻ ነው። ቁስል ያለው መሆኑም አያድነውም፤ ክፍት ስብራት ላይም ይከሰታል። ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት፣ ከሥሩ ያለውንም ጥጥና ፋሻ ቆዳው እስኪታይ ቁረጡ፤ በደም የደረቀ ፋሻ እንደ ጀሶው ያንቃል። እግሩን በልብ ትክክል አስቀምጡት፣ ከዚያ በላይ አታንሱት። በግማሽ ሰዓት ካልቀለለው ፋሺዮቶሚ፣ ማለትም የጡንቻውን ሽፋን መሰንጠቅ ነው፦ ሁለት ረጃጅም ቁርጦች፣ አራቱም የጡንቻ ክፍሎች ተከፍተው፣ ቆዳው ሳይሰፋ። ደም የተከለከለ ጡንቻ ወደ 6 ሰዓት ገደማ ሲያልፈው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። እስከ ጠዋት ይጠበቅ ማለት እግሩን መተው ነው።

በዚህም ምክንያት አዲስ ስብራት ላይ ሙሉ ጀሶ አትዙሩ። ከኋላ ብቻ የሚደግፍ፣ ለእግር ከ12 እስከ 15 ድርብ፣ ለእጅ ከ8 እስከ 10 ድርብ ይበቃል፤ ሙሉው እብጠቱ ሲጎድል ይሠራል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በጋለ ውሃ የተነከረ ጀሶ ሲደርቅ ቆዳ ያቃጥላል። ተረከዙ፣ ቁርጭምጭሚቱና ከጉልበቱ ውጫዊ ጎን ዝቅ ብሎ ያለው ጉብታ ላይ ጥጥ ደርቡ። እዚያ ጉብታ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨፈለቅ እግሩ ይወድቃል፣ ጣቶቹንም ማንሳት ያቅተዋል።

ስለ ወጌሻም ሳልናገር አላልፍም። ክንዱ የተሰበረ ልጅ በቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ተጠፍንጎ ይታሰራል። ጣቶቹ ያብጣሉ፣ ውሃ ይቋጥራሉ፣ ይጠቁራሉ፤ ወላጆቹም "አጥንቱ እየገጠመ ነው" ብለው ይታገሳሉ። በአገራችን ልጆች እጃቸውን ከሚያጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የነበረው ስብራት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀላል ድጋፍ የሚድን ነበር። ግን እናቲቱን በቁጣ አትቀበሏት። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያውቃታል፤ ሆስፒታል የሄዱት ተቆርጠው ሲመለሱ ደግሞ በዓይኗ አይታለች፤ የተቆረጡት ዘግይተው ስለመጡ እንደሆነ የነገራት የለም። የተሰደበች እናት ሁለተኛውን ልጇን አታመጣም። ከወጌሻዎቹ ጋርም ተቀመጡ። ስንጥር ዙሪያውን አይጠፈንግ፣ ጣት ሁልጊዜ ይታይ፣ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እዚያው ይፈታ፣ ቁስል ያለበት ስብራት አይነካ። እነዚህን አራት ነገሮች የተቀበለ ወጌሻ ብዙ እጆች ያተርፋል።

የጭን ስብራት ያለበት አዋቂ ብረት እስኪገባለት ትራክሽን ላይ፣ ማለትም እግሩ አጥንቱ ውስጥ ባለፈ ፒን በክብደት እየተሳበ ይቆያል። ፒኑ ከጉልበት በታች ካለው የቅልጥም ጉብታ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከውጭ ጎን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የሚጀመረው ነርቩን ላለመውጋት ነው። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ግን እዚያ ቦታ አትግቡ፣ የእድገት ቦታውን ትጎዳላችሁ። ክብደቱ ከታካሚው ክብደት አንድ አሥረኛ አካባቢ ይጀምር፤ የአሸዋ ከረጢት ቢሆንም ተመዝኖ ይንጠልጠል። የአልጋው የእግር ጫፍ ከፍ ካላለ ታካሚው ወደ ታች ይንሸራተትና ከረጢቱ መሬት ይነካል፤ የዚያን ጊዜ የሚስበው ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ይህን ዘወር ብላችሁ እዩ።

ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በአገራችን ብዙ የጭንና የቅልጥም ስብራት የሚታከመው ሳይን በተባለው፣ አጥንቱ መቅኔ ውስጥ ገብቶ በብሎን በሚታሰር ብረት ነው። ሉዊስ ዚርክል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ድርጅት ያቀርበዋል። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ራጅ ማሽን ሳያስፈልግ ብሎኖቹ በውጭ መምሪያ ይገባሉ። የክትትል መለኪያውን ወድጄዋለሁ፦ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፎቶ ይነሳል። ለሽንት ቤት፣ ለአረም፣ ቡና ለማፍላት ቁጢጥ ማለት ለሚያስፈልገው ሰው መዳን ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ ማግስት ጀምሮ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ይጀምር። ሕመም ፈርቶ ለ6 ሳምንት ቀጥ ያደረገው ጉልበት በኋላ አልታጠፍም ይላል።

ታካሚው "መቼ ነው የምድነው?" ሲላችሁ እውነቱን ንገሩት። የእጅ አንጓ 6 ሳምንት ያህል፣ የአዋቂ ቅልጥም ከ3 እስከ 5 ወር፣ ክፍት ከነበረ ከዚያም በላይ። ሲጋራ አጥንት መግጠሙን በግልጽ ያዘገያል፤ ለማቆም ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። አብሽ ወይም የአጥንት መረቅ ልጠጣ ካለ አትከልክሉት፣ ግን እንቁላል፣ ምስርና ባቄላም ይብላ። ከዓረብ አገር ብረት ገብቶላቸው የሚመለሱ እህቶችም ይመጡላችኋል። ብረቱ ይውጣልኝ ካሉ፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት የብሎኑ አናት ባለ ስድስት ጎን ይሁን ባለ ኮከብ ለይቶ መፍቻውን መያዝ ያስፈልጋል። የሆስፒታል ወረቀታቸውን ጠይቁ፤ ስልካቸው ውስጥ የሚቀረው የራጅ ፎቶም ይረዳል።

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጠሮው በ2 ሳምንት ለስፌቱ፣ በ6ና በ12 ሳምንት ለራጅ ይሁን። ከገጠር ለሚመጣ ሰው የገበያ ቀን ምረጡለት፣ የጎረቤት ስልክም መዝግቡ። በሁለቱ አቅጣጫ ራጆች ላይ ከሚታዩት አራት የአጥንት ጠርዞች ሦስቱ በአዲስ አጥንት ተያይዘው፣ ሳያመው ከረገጠ ገጥሟል። በ6 ወር ካልተያያዘና በሁለት ተከታታይ ራጅ ለውጥ ካላያችሁ "ትንሽ እንጠብቅ" አትበሉት። ቁስሉ አካባቢ መግል የሚያዥ ቀዳዳ መኖሩን አይታችሁ፣ ኢንፌክሽን መኖሩን የሚጠቁሙትን የደም ምርመራዎች፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ አሠርታችሁ ላኩት። ስትልኩት የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቀን ራጅና ያነሳችሁትን የቁስል ፎቶም አያይዙለት።