ለገጠር ሥራቸው የመንግሥት ድጋፍ ለሚጠይቁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በገምጋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ እየተጋበዝኩ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት፣ ዶሮ ለማርባት፣ በሬ ለማድለብ፣ የአቮካዶ ችግኝ ለማፍላት፣ ቡላ አሽጎ ለገበያ ለማቅረብ ድጋፍ የሚጠይቁ ብዙ ማመልከቻዎችን አንብቤአለሁ። ከወደቁት መካከል ብዙዎቹ መልካም ሐሳብ የያዙ ነበሩ። የጣላቸው፣ ሐሳቡን የወደደው ገምጋሚ እንኳ በኮሚቴው ፊት ሊከራከርላቸው ሲነሳ በእጁ የሚይዘው ነገር ማጣቱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚያ ሰው ምን ልትሰጡት እንደሚገባ ለመናገር ነው።

ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው የሚሰጠው ገንዘብ የራሱ እንዳልሆነ አስቡ። ዛሬ ፈርሞ ያሳለፈውን ነገ ኦዲተር ፋይሉን ከፍቶ «ከዚህ ሁሉ አመልካች መካከል ለእነዚህ የተሰጠው በምን መነሻ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስለዚህ በችግራችሁ ማዘኑ ወይም በትጋታችሁ መደሰቱ ብቻውን አይበቃውም፤ ጣቱን አሳርፎ የሚያሳየው ቁጥር፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ ሄዶ የሚያየው ቦታ ያስፈልገዋል። ብዙ ማመልከቻዎች ግን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ሀገር ዕድገትና የበኩላቸውን ለመወጣት ስላላቸው ጽኑ ፍላጎት በመናገር ይጨርሷቸዋል። ገምጋሚው ይህንኑ ቃል በየፋይሉ ስለሚያገኘው ሳያነበው ያልፈዋል፤ እኔም ራሴ አልፈው ነበር። በእኔ ግምት ከአምስት መስመር የሚበልጥ መግቢያ የሚያስፈልገው የገጠር ሥራ የለም።

ከመጻፋችሁ በፊት የምትጠይቁት ገንዘብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ፤ «የመንግሥት ገንዘብ» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ሁሉ አንድ አይደለምና። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብድር ነው፤ ይመለሳል። የልማት ባንክ የካፒታል ዕቃ ሊዝ ማሽኑን ባንኩ ገዝቶ የሚያከራይበት አሠራር ሲሆን ከዋጋው 20 በመቶውን ደንበኛው ያዋጣል። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር ለደሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ አይመለስም፤ የሚደርሰው ግን በፕሮግራሙ ለታቀፉ ነው። በግብርና ፕሮጀክቶች በኩል ለማኅበራትና ለቡድኖች የሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአመልካቹ የራስ መዋጮ ይጠይቃል። የብድር ዕቅድ የሚያሳምነው ዕዳው እንደሚከፈል በማሳየት ነው፤ የድጋፍ ዕቅድ ግን የተሰጠው ገንዘብ ካለቀ በኋላ ሥራው እንደማይቆም ማሳየት አለበት። ለብድር የተዘጋጀውን ዕቅድ ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ ለድጋፍ የሚያስገባ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል።

ስለ ራስ መዋጮ ካነሳሁ አይቀር፣ በእጃችሁ ጥሬ ገንዘብ ስለሌለ መዋጮ የለንም አትበሉ። ለእንስሳቱ ቤት የሚቆረጠው ባሕር ዛፍና ቀርከሃ፣ የአባላቱ የጉልበት ሥራ፣ ቤተሰብ የለቀቀላችሁ ቦታ ሁሉ ዋጋ አለው። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ክፍያ አስልታችሁ ተምኑት፣ የቀበሌው ልማት ሠራተኛም አይቶ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። ዓይነታዊ መዋጮ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ከድጋፉ መመሪያ ላይ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቁጥሩ ልግባ። 500 እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ለማርባት የተጻፈ ዕቅድ ከየዙሩ አይጠፋም። የገቢው ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየቀኑ 500 እንቁላል ይቆጥራል፤ የግዢው ሠንጠረዥ ግን የአንድ ቀን ጫጩት ይገዛል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለ የተሻሻለ ዝርያ እንኳ መጣል የሚጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዷ ቄብ 6 ኪሎ ያህልና ከዚያም በላይ መኖ ትጨርሳለች፤ ይህ በ500 ሲባዛ አንድ እንቁላል ሳይሸጥ 30 ኩንታልና ከዚያ በላይ መኖ ተገዝቶ ያልቃል ማለት ነው። መጣል ከጀመሩ በኋላም አንዷ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ስለምትበላ የወሩ ፍጆታ ወደ 17 ኩንታል ይጠጋል። ጫጩቶቹ ሁሉ አይተርፉም፤ የተረፉትም ሁሉ በየቀኑ አይጥሉም። ስለዚህ ጣይ ዶሮዎቹ ከፍተኛው የመጣል ደረጃ ላይ ሲደርሱ በቀን 400 እንቁላል እንጠብቃለን ብሎ ምክንያቱን የጻፈ አመልካች 500 ካለው ይልቅ ይታመናል፤ ትርፉ አንሶ ቢታይም ነጥቡ ይበልጣል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትልቁ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት መኖ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ድጋፉን በሙሉ በቤት ግንባታና በኬጅ (የዶሮ ማኖሪያ የሽቦ ሳጥን) ግዢ ላይ ያዋሉት ቡድኖች ሦስተኛው ወር ላይ መኖ አጥተው ቄቦቹን በርካሽ ሲሸጡ አይቻለሁ። ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ በግልጽ አስቀምጡ፤ ካልተፈቀደም የዶሮውን ቁጥር ወደ 200 ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ሦስት ወር የሞላው ቄብ ግዙና የጥበቃውን ጊዜ አሳጥሩ። ገምጋሚው ይህን አማራጭ አስባችሁበት ሲያገኝ ሥራውን የምታውቁት መሆናችሁን ከማንኛውም የሥልጠና ሰርተፍኬት የበለጠ ይረዳል። የፈንግልና የጉምቦሮ የተባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት በስንተኛው ሳምንት፣ በማን እንደሚሰጥ የምትገልጹበት አንድ አንቀጽም አትርሱ፤ ቸል ተብሎ የቀረ ክትባት ቤቱን በአንድ ሳምንት ባዶ ሊያደርግ እንደሚችል ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው የእንስሳት ሐኪም ያውቃል።

ስለ ገበያ ስትጽፉ «የገበያ ትስስር እንፈጥራለን» የሚለውን ሐረግ ተዉት። ይልቁንም የሚገዛው ማን ነው? በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ሆቴሎች በሳምንት ስንት እንቁላል ይወስዳሉ፣ በስንት ቀን ይከፍላሉ፣ አሁን የሚያቀርብላቸው ማን ነው? ሄዳችሁ ጠይቁና የሰማችሁትን ጻፉ። ከአንድ ሆቴል ወይም ከአንድ የሸማቾች ማኅበር የተጻፈ፣ ዋጋና መጠን የሚጠቅስ አጭር የፍላጎት ደብዳቤ ስለ ከተማው የሕዝብ ብዛት ከሚተርክ ሙሉ ገጽ ይበልጣል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት የእንቁላል ገበያ እንደሚቀዘቅዝ፣ ለፋሲካ ደግሞ እንደሚነሳ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ገምጋሚውም ያውቃል። ሆኖም በዓመት ውስጥ ያሉትን 12 ወራት በአንድ ዋጋ የማይሞላ የገቢ ሠንጠረዥ እምብዛም አይገኝም። ጫጩት በስንተኛው ወር እንደምታስገቡና ጾሙ በየትኛው የመጣል ደረጃ ላይ እንደሚያገኛችሁ ብታሰሉ፣ ሠንጠረዡ ላይ አንዳንድ ወር ዝቅ ብሎ መታየቱ ይጠቅማችኋል እንጂ አይጎዳችሁም።

ፕሮፎርማ፣ ማለትም አቅራቢው የዕቃውን ዋጋ ጽፎ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ብዙውን ጊዜ ከሦስት አቅራቢዎች ይጠየቃል፤ ሦስቱም የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ መሆን አለባቸው፤ የአንዱ የጫጩት ማሞቂያ በኤሌክትሪክ፣ የሌላው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ አይነጻጸሩም። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ወይም አለመካተቱን ከወረቀቱ ላይ አረጋግጡ፤ ታክሱን የረሳ በጀት ግዢው ላይ ሲደርስ ይጎድላል። ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸናም ተመልከቱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ በመስከረም ያስገባችሁት ማመልከቻ ገንዘቡ የሚለቀቅለት ከብዙ ወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ምን ያህል እንደተለዋወጠ አይታችኋል። ቅጹ የሚፈቅድ ከሆነ መጠባበቂያ ያዙ፤ የማይፈቅድ ከሆነ ዋጋ ቢንር መጀመሪያ ከየትኛው ዕቃ እንደምትቀንሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ማኅበር ስትመሠርቱ ቁጥር ለመሙላት ስም አትሰብስቡ። ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ሲመጣ አባላቱን አንድ በአንድ ያነጋግራል፤ «የእርስዎ የሥራ ድርሻ ምንድን ነው?» ተብላ ስትጠየቅ ወደ ሰብሳቢው ዞር ብላ የምታይ አባል ያለችበት ማኅበር በዚያው ቅጽበት ነጥቡን ያጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ ማን ዶሮዎቹን እንደሚመግብ፣ አባል ቢወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚታሰብ ይጻፍ። የቦታውም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ቦታው የአባት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ቅጂና የፈቃድ ስምምነት አያይዙ፤ ኪራይ ከሆነ ደግሞ የውሉ ዘመን ከዕቅዱ ዘመን አይነስ። የውኃና የመብራት ነገር ማሳመሪያ ሳይጨመርበት በሁለት መስመር ያልቃል።

ማመልከቻውን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማስጻፍ ነውር የለበትም፤ ፊደሉን ይምቱላችሁ፤ ሐሳቡን ግን አያዘጋጁላችሁ። በአንድ ዙር ከተለያዩ ቡድኖች የመጡ ማመልከቻዎች የገበያ ጥናታቸው ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኝቷል። በአንዱ ላይ እንዲያውም እዚሁ ሐዋሳ፣ ቱላ ላይ ሊሠራ የታቀደው ሥራ ምርቱን «ለአለታ ወንዶ ከተማ ነዋሪዎች» እንደሚያቀርብ ተጽፎ ነበር። ቡድኑ ምናልባት ጎበዝ ነበር፤ ኮሚቴው ግን ከዚያ መስመር በኋላ የቀረውን ቁጥር ሁሉ ተጠራጠረ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከማስገባታችሁ በፊት ከአባላቱ ሒሳብ የሚችለው አንዱ በግዢ፣ በወጪና በገቢ ሠንጠረዦች ላይ ያሉት የዶሮዎች፣ የኩንታሎችና የወራት ቁጥሮች መስማማታቸውን በእርሳስ እያመለከተ ይፈትሻቸው።

ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእናንተ እጅ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤቱ ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበት። ውጤቱ ካልቀናችሁ ያገኛችሁትን ነጥብና የቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ በትሕትና ጠይቁ። በሚቀጥለው ዙር ስትመለሱም ፕሮፎርማዎቹን አሳድሱ፤ ገምጋሚው የነቀፈውን ገጽ ብቻ ሳይሆን የተለወጠው ቁጥር የሚነካቸውን ሠንጠረዦች ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና አስሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ
ሐዋሳ