ስልኩን ብንቀማውም ልጃችን አልተመለሰልንም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሚማር የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ከመንፈቅ ወዲህ ሌሊቱን በቲክቶክና በጌም ስለሚያነጋ ጠዋት አይነሳም፤ ውጤቱም ወርዷል። አባቱ ሲቆጣው እኔ ስከላከልለት፣ መጨረሻው የእኔና የባለቤቴ ጠብ ይሆናል። ባለፈው ወር ስልኩን ቀምተን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት፤ በሳምንቱ አልጋ ሳነጥፍ ከጓደኛው የተዋሰውን ሌላ ስልክ ከትራሱ ሥር አገኘሁ። ቡና ሳፈላ አጠገቤ ቁጭ ይል የነበረ ልጅ ዛሬ እራቱን ይዞ ክፍሉ ይገባል። አባቱም በገበታ ላይ በስልኩ ኳስ ስለሚያይ ልብ አይለውም። ልጄ ሱሰኛ ሆኗል ማለት ነው? ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በመጨረሻ ስለ ገበታው ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

“ሱሰኛ” የሚለውን ቃል ለጊዜው ያቆዩት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው፣ የጌም ሱስን በሽታ ብሎ መዝግቧል፤ ኢንተርኔት መጠቀምን በጥቅሉ ግን በራሱ ስም በሽታ አላለውም። ለጌሙም ቢሆን መለኪያው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከትምህርትና ከሌላው ኑሮው ሲቀድምበት፣ ጉዳቱ እየታየውም ሲቀጥል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የዘለቀ መሆን ይኖርበታል። ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው።

በታዳጊዎች ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ ጭቅጭቅ በበዛበትና ወላጅና ልጅ እምብዛም በማይጫወቱበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ደጋግመው አሳይተዋል። ጥፋቱ የእናንተ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጭቅጭቁ ልጁን ወደ ስልኩ ይገፋዋል፣ ስልኩ ደግሞ ለሌላ ጭቅጭቅ ምክንያት ይሆናል፣ የቱ እንደቀደመ ለመለየትም ያስቸግራል። እናንተ ሳሎን ውስጥ በእሱ ሳቢያ ስትጣሉ ክፍሉ ሆኖ የሚሰማውን ልጅ እስቲ ያስቡት። በዚያ ሰዓት ድምፃችሁን የሚያስረሳው፣ የማይቆጣው፣ ሲያሸንፍም የሚያወድሰው ነገር በእጁ ላይ አለ።

ስልኩን መቀማታችሁን አልነቅፍም፤ ጨንቋችሁ ነው። ነገር ግን ሳይነጋገሩበት የመጣ ክልከላ የዚህን ዕድሜ ልጅ መደበቅን እንጂ መመጠንን አያስተምረውም፤ ከትራሱ ሥር ያገኙት ስልክ ማስረጃ ነው። ደንቡ ለእሱ ብቻ የወጣ ከሆነ ደግሞ እንደ ቅጣት እንጂ እንደ ቤት ሥርዓት አይቆጥረውም።

ስለዚህ ከባለቤትዎ ይጀምሩ፤ በልጁ ፊት ሳይሆን ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ ሳይወቅሷቸው ይንገሯቸው። በገበታ ላይ የማንም ስልክ አይቅረብ፣ የእሳቸውም ቢሆን። ኳሱን ከእራት በኋላ ሳሎን ውስጥ ከልጃቸው ጋር ቢያዩት፣ አሁን ሁለቱን የሚያራርቀው ነገር አብሮ መቀመጫ ይሆናቸዋል። ማታ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ይደረግ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት መተኛት ስላለበት፣ አስቀድሞ መጠበቅ ያለበት እንቅልፉ ነው። ሁለታችሁ በዚህ ከተስማማችሁ በኋላ አንዳችሁ ስትከለክሉ ሌላችሁ አትፍቀዱለት፤ የተቆለፈውንም ስልክ በዚሁ ስምምነት መልሱለት።

እርስዎ ደግሞ ቡና ሲያፈሉ ጌሙን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ስለ ውጤቱ አያንሱበት፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ምኑ ደስ እንደሚለው ብቻ ይስሙት። የመጀመሪያው ቀን በዝምታ ሊያልፍ ይችላል፤ በማግስቱም ይጠይቁት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ለጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካጣችሁ፣ ወይም ትምህርቱን ከተወ፣ መብላት ካስጠላው፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ሳትዘገዩ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህ አገልግሎት አለ። ተደብቆ ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ አንዳንዴ የሚሸሸው ሌላ ጭንቀት ይኖረዋልና።

የተዋሰውን ስልክ ራሱ ለጓደኛው ይመልስ፤ አብረውት ይሂዱ፣ ለጓደኛው ወላጆች ግን አይክሰሱት።