አየርላንድና የጳጳሱ ጉብኝት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ደብሊን መኖር ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። እምድብር አካባቢ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው የተወለድኩት፤ እዚህም እሑድ ቅዳሴ አይቀርብኝም። «ያቺ ሁሉ ካቶሊክ የነበረባት አገር በ2018 ቅዱስ አባታችንን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን ለምን እንደዚያ ቀዝቅዛ ተቀበለች?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ የማውቀውን በአንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1979ኙና የ2018ቱ የጳጳሳት ጉብኝቶች በእርግጥ ያን ያህል ይለያያሉ? ወይስ ጋዜጠኛ ነው ያጋነነው?

መልስ፦ አልተጋነነም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1979 ደብሊን ሲገቡ የአገሪቱ ሕዝብ 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያች አንዲት ቀን ፊኒክስ ፓርክ ወደሚባለው የደብሊን ትልቅ መናፈሻ ለቅዳሴ የወጣው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ወጣ ማለት ነው። ጳጳሱን የያዘው የኤር ሊንገስ ጃምቦ ጀት ከማረፉ በፊት በሜዳው አናት ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሕዝቡ እንዴት እንደጮኸ ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ያኔ የተተከለው 35 ሜትር የሚረዝም ነጭ መስቀል አሁንም ቆሟል።

ፍራንቸስኮስ ኦገስት 26 ቀን 2018 በዚያው ሜዳ ሲቀድሱ 500,000 ነጻ ትኬት ተዘጋጅቶ ነበር። የመጣው ሰው 130,000 ገደማ እንደሆነ ተገመተ። ለተቃውሞ ብለው ትኬቱን ወስደው ሆን ብለው የቀሩም ነበሩ፤ ግን ልዩነቱን ያመጡት እነሱ ብቻ አይደሉም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው አየርላንዶች እምነታቸውን ጥለዋል ማለት ነው?

መልስ፦ እኔ እንደዚያ አልልም። የጣሉ አሉ፤ በተለይ ወጣቶቹ። በሕዝብ ቆጠራ ራሱን ካቶሊክ ብሎ ያስመዘገበው በ2011 ከመቶ 84 ነበር፤ በ2016 ወደ 78፣ በ2022 ወደ 69 ወረደ። ቁልቁለት ነው። ቢሆንም ከአገሩ ሁለት ሦስተኛው አሁንም ካቶሊክ ነኝ ይላል። ስለዚህ በ2018 ያ ሜዳ የሳሳው ካቶሊክ ስለጠፋ አይደለም፤ ካቶሊኩ ራሱ ስለቀረ ነው። ልጁን ያስጠመቀ፣ እናቱን በፍትሐት የቀበረ፣ ግድግዳው ላይ መቁጠሪያ የሰቀለ ሰው ነው የቀረው። ቅያሜው ከእግዚአብሔር ጋር ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት ጋር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ካላያችሁ የአየርላንድ ነገር አይገባችሁም።

አንዲት የምንከባከባቸው እናት ነበሩ፣ ዘጠናቸውን ሊደፍኑ የቀረባቸው። በ1979 ስድስት ልጆቻቸውን ሰብስበው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ከቤት የወጡት። ሻይ በፔርሙዝ፣ ሳንዱች በሶፍት ተጠቅልሎ፣ አንዲት ታጣፊ በርጩማ። በርጩማዋ ክፍላቸው ጥግ ላይ ነበረች፤ ሸራዋ ተበልቷል፣ አንዱ እግሯ በገመድ ታስሯል፣ ግን ማንም እንዲያነሳት አይፈቅዱም። በ2018 ጉብኝቱ ቅዳሜ ሲጀመር ተረኛ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑን ክፈቺልኝ አሉኝ፤ ከፈትኩ። ቀጥለው ድምፁን አጥፊልኝ አሉ። ማየት ፈልገዋል፣ መስማት ግን አልፈለጉም። እንደዚያ ሆነው ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ አሉ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ምን አድርጋቸው ነው ይህን ያህል የተቀየሙት?

መልስ፦ ይህ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ከትንሹ ልጀምር። በ1979 ጎልዌይ በምትባል ከተማ ዮሐንስ ጳውሎስ ለወጣቶች በቀደሱ ጊዜ ሕዝቡን ሲያሟሙቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች የጎልዌይ ጳጳስ ኤመን ኬሲ እና አባ ማይክል ክሊሪ ነበሩ። ዮሐንስ ጳውሎስ «የአየርላንድ ወጣቶች፣ እወዳችኋለሁ» ያሉት እዚያ ነው። በ1992 ኬሲ በድብቅ ልጅ እንዳላቸው ታወቀ፤ ልጁ የተወለደው ከጉብኝቱ በፊት በ1974 ነው። ክሊሪም በ1993 ከሞቱ በኋላ የልጆች አባት እንደነበሩ ወጣ። ሰው መውደቁ አይደለም ሕዝቡን ያሳዘነው፤ ሰው ይወድቃል። ያሳዘነው፣ እነዚሁ አፎች ሳያገቡ የወለደችን ልጃገረድ ከመድረክ ሲያወግዙ መኖራቸው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በ2009 ሁለት የምርመራ ሪፖርቶች ወጡ። ሜይ ላይ የወጣው ገዳማውያንና ገዳማውያት ያስተዳድሯቸው በነበሩ የሕፃናት ማሳደጊያና የሙያ ትምህርት ቤቶች ስለተፈጸመ ድብደባ፣ ረሃብና ወሲባዊ ጥቃት ነው። ኖቬምበር ላይ የወጣው ደግሞ የደብሊን ሀገረ ስብከት በካህናቱ ላይ የቀረበውን ክስ እንዴት እንደያዘው ነው፤ ለሕፃናቱ ከማሰብ ይልቅ ስም እንዳይጠፋ ሲባል ተሸፋፍኗል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሰበረው። ክፉ ካህን በየትም አለ፤ ክፉውን አውቆ ከአንድ ቁምስና (አጥቢያ) ወደ ሌላው ያዛወረ ጳጳስ ግን ለወላጅ እንዴት ይነገራል?

ከዚያ ሴቶቹ አሉ። የመግደላዊት ልብስ ማጠቢያ ቤቶች የሚባሉ ነበሩ፤ ሳያገቡ ያረገዘችም፣ ወላጅ የሌላትም፣ «አስቸጋሪ» የተባለችም ሴት ትገባና ያለ ደመወዝ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ከ1922 ጀምሮ 10,000 ያህል ሴቶች አልፈውበታል። የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው፤ እዚሁ ደብሊን መሃል። እውነቱን ለመናገር ገዳማውያቱ ብቻቸውን አልነበሩም። መንግሥትም ሴቶቹን ይልክ ነበር፣ አባትም ልጁን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ይጥላት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በ2013 በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት ለዚህ ነው። የአየርላንድ ቁጣ ውስጥ ራስን መውቀስም አለበት፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ አይታየውም።

የቱዋምን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሳያገቡ የወለዱ እናቶች የሚቆዩበት፣ ገዳማውያት የሚያስተዳድሩት ቤት ነበረባት። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የአካባቢውን ታሪክ የምታጠና ሴት የሞት ምስክር ወረቀቶችን አንድ በአንድ አስወጥታ ስትቆጥር የ796 ሕፃናት ስም አገኘች፤ የመቃብር መዝገብ ግን የላቸውም። በ2017 የምርመራ ኮሚሽኑ በቦታው ከመሬት በታች ባሉ ክፍሎች ውስጥ የሕፃናት አፅም መገኘቱን አረጋገጠ። ጳጳሱ ፊኒክስ ፓርክ ሲቀድሱ ሌሎች ሰዎች ቱዋም ላይ ለእነዚያ ሕፃናት ተሰብስበው ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ደብሊን መሃል ባለው የመታሰቢያ አትክልት ሥፍራ። በዚያ ሰሞን በብረት አጥሮች ላይ የሕፃን ጫማዎች ታስረው ይታዩ ነበር። አንዱን ቆሜ አየሁት። በእጅ የተሠራ ነጭ የሹራብ ጫማ፣ ዝናብ አርሶት።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ነገሩ ዘመናዊነትና ሀብት ያመጣው ይመስለኛል። ሰው ሲጠግብ እግዚአብሔርን ይረሳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተወሰነ እውነት አለው። አገሪቱ በ1973 የአውሮፓን ማኅበር ተቀላቀለች፣ ትምህርት ተስፋፋ፣ ሴቶች ሥራ ያዙ። ሕጉም አብሮ ተለወጠ። በ1995 ፍቺ በሕዝበ ውሳኔ ሲፈቀድ ልዩነቱ ከ10,000 ድምፅ በታች ነበር፤ በ2015 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ከመቶ 62 ድጋፍ አገኘ። ከሁሉ የሚገርመኝ የጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ ነው። በ1983 ከመቶ 67 ያህሉ ሕገ መንግሥቱ ይከልክለው አለ፤ በሜይ 2018፣ ጳጳሱ ሊመጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው፣ ከመቶ 66 ያህሉ ክልከላው ይነሳ አለ። ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ወገኑ ተገለበጠ።

እኔ በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ነው የማምነው። ግን አብረውኝ የሚሠሩ፣ በየሳምንቱ የሚያስቀድሱ ሴቶች «ይነሳ» ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ስለ ሀብትም ስለ ዘመናዊነትም አይደለም። «እነዚያ ሰዎች ስለ ሕፃናት ሊያስተምሩን አይችሉም» ነው ያሉኝ። ጥጋብ ይህን አይናገርም።

ጥያቄ፦ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1979 ሰሜን አየርላንድ ያልሄዱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጸጥታው አላስቻለም፤ በእንግሊዝ ሥር ባለው ሰሜን ያኔ የትጥቅ ግጭት ነበር። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 27፣ የእንግሊዝ ንጉሣውያን ዘመድ ሎርድ ማውንትባተን በቦምብ ተገድለው ነበር፤ በዚያው ቀን 18 የእንግሊዝ ወታደሮችም ሞተዋል። በሰሜን ወዳለችው አርማ ከተማ ለመሄድ የነበረው ሐሳብ ቀረ። በምትኩ ከድንበሩ ወዲህ ድሮኸዳ ላይ ሆነው፣ መሣሪያ ያነሱት ከዓመፅ መንገድ እንዲመለሱ በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናችኋለሁ አሉ። ልመናው ቶሎ አልተሰማም፤ ግድያው ለብዙ ዓመት ቀጠለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ2018 የመጡት እነማን ነበሩ?

መልስ፦ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ ቤተሰቦች፣ እና እኛ። ፊሊፒኖ፣ ሕንድ፣ ፖላንዳዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ብራዚላዊ፤ ሐበሾችም ነጠላችንን ለብሰን ከኋላ ቆመን ነበር። ድሮ አየርላንድ ወደ አፍሪካ ካህናት ትልክ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቁምስና የሚቀድሱት ከናይጄሪያና ከሕንድ የመጡ አባቶች ናቸው። በ2017 በትልቁ የሜይኑዝ ዘርዐ ክህነት ለክህነት ትምህርት አዲስ የገቡት 6 ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ካቶሊክ ሆነሽ የቤተ ክርስቲያንሽን ገመና እንዲህ አደባባይ ማውጣትሽ አይከብድሽም?

መልስ፦ ይከብደኛል። ስጽፈውም እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ገመና ሲባል ኖሮ አይደል እዚህ የተደረሰው? ሕፃኑ ሲናገር «የእግዚአብሔርን ቤት አታዋርድ» ተባለ፤ እናት ስታለቅስ ጎረቤት እንዳይሰማ ተባለ። እኛም አገር ስንት ነገር «ይሸፈን» እየተባለ እንደሚያልፍ የምናውቀው እናውቃለን። እናቴን እወዳታለሁ ብዬ ቁስሏን ከሐኪም ልደብቅባት አልችልም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ እኔን ያገባኛል። በዐቢይ ጾም የብዙ አየርላንዳዊ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ትቀመጣለች፤ በ1973 የአገሩ ጳጳሳት ያቋቋሙት ትሮኬር የሚባለው የእርዳታ ድርጅት የሚያድላት ናት። ልጆች ሳንቲማቸውን ይጥሉባታል። በእኛ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ከዚህች አገር ብዙ ሳንቲም ወደ እኛ መጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያነሱልኝ እሱን ነው። ያንን የሰጠና ዛሬ ቅዳሴ የማይሄድ ሰው አንድ ሰው ነው። ሃይማኖት የለውም ብላችሁ ስታልፉት የማዝነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዱስ አባታችን ይቅርታ ጠየቁ? አንቺስ እዚያ ነበርሽ፣ ምን ሰማሽ?

መልስ፦ ነበርኩ። ከከተማው መሃል በእግር ነው የሄድነው። ነፋሱ ያንገላታል፣ ዝናቡ መጣ ሄደ ይላል። በዋዜማው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር ጳጳሱ ፊት ቆመው ቃል በተግባር ይታይ ብለው ነበር፤ ፍራንቸስኮስም ያን ቀን ጥቃት የደረሰባቸውን 8 ሰዎች አግኝተው አነጋግረዋል። እሑድ በቅዳሴው መጀመሪያ ላይ ወረቀት አውጥተው በስፓኒሽ የይቅርታ ልመና አነበቡ። ስለ ጥቃቱ፣ ስለ ጉልበት ብዝበዛው፣ ዝም ስላሉት ሹማምንት። ብዙ ተጎጂዎች ይህ አይበቃም ብለዋል፤ ተጠያቂ የሚሆን ሰው፣ የሚከፈት መዝገብ ነበር የፈለጉት። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ቃል ግን ይዤ ተመለስኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛ ነበርኩ፤ ጫማዬ ጭቃ ሆኖ ገባሁ። እኚያ እናት አልተኙም። «ስለ ልጆቹ ተናገረ?» አሉኝ። ታላቅ እህታቸው ሳታገባ ወልዳ ልጇን ወስደውባት እንደነበር፣ ልጇን ፈልጋ ስትሄድ «መፈለግሽ ራሱ ኃጢአት ነው» ተብላ እንደተመለሰች፣ ሳታገኘውም እንደሞተች ያን ሌሊት ነው የነገሩኝ። እኔም የሰማሁትን ነገርኳቸው፦ እናት ልጇን፣ ልጅም እናቱን ሲፈልግ የሞት ኃጢአት ነው ተብሎ ነበር፤ የሞት ኃጢአት አይደለም፣ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው አራተኛው ትእዛዝ ነው አሉ፣ ይቅርታም ጠየቁ።

ዝም አሉ። ቆይተው መስሚያቸውን ከኮመዲኖው ላይ አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉና «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አሉኝ።